ኤፍ 40፣ 959 እና የአንኮበር አቀበት

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን የደብረ ብርሃን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ አምቡላንሱ ጉዳይ እንድናገር ነው የጠየቁኝ። እናገራለሁ። ግን መንገዴ በሁለት የውድድር መኪኖች በኩል ያልፋልና ትንሽ ታገሱኝ።

ሁለተኛ ዓመት ሳለን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ሻይ ቤት የማያልቅ ክርክር ነበር። የአናቶሚ መጽሐፍ ተከፍቶ፣ ሻዩ ቀዝቅዞ፣ ወንዶቹ ለሁለት ተከፍለው ይፋጠጣሉ፤ ፌራሪ ኤፍ 40 ይበልጣል ወይስ ፖርሼ 959? አንዳቸውም ሁለቱን መኪኖች በዓይናቸው አይተው አያውቁም። አንዳንዶቹ መንጃ ፈቃድ እንኳን አልነበራቸውም። ዛሬ እዚህ ከፊት ወንበር የተቀመጣችሁ ስፔሻሊስቶች ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ስም አልጠራም። እኔ ደግሞ የመካኒክ ልጅ ነኝ። ያደግሁት እዚሁ ደብረ ብርሃን በካምቢዮና በፍሪሲዮን ወሬ መሐል ስለሆነ አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኝ ነበር፤ የሚከራከሩት ስለ ፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፣ ስለ ማርሽ የሚያነሳ የለም።

እንግዲህ የሃያ ዓመቱን ክርክር ዛሬ እንዝጋው። ኤፍ 40 የወጣው እ.ኤ.አ በ1987፣ የፌራሪ ኩባንያ 40ኛ ዓመቱን ሲያከብር ነው። ኤንዞ ፌራሪ በሕይወት እያሉ የመረቁት የመጨረሻው ሞዴል ነው፤ በዓመቱ አረፉ። ሞተሩ 2.9 ሊትር፣ 8 ሲሊንደር፣ ሁለት ተርቦ ያለው፣ 478 የፈረስ ጉልበት። ክብደቱ ያለ ነዳጅና ዘይት 1,100 ኪሎ ገደማ ብቻ። ምቾት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ መሪውም ፍሬኑም ያለ ረዳት በሰው ክንድና እግር ብቻ የሚሠሩ ናቸው። በሰዓት 324 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ተብሎለታል። ማርሹ 5 ነው። 959 ደግሞ 2.85 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር፣ እሱም ባለ ሁለት ተርቦ፣ 450 የፈረስ ጉልበት። ክብደቱ 1,450 ኪሎ፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ 317። ማርሹ 6፣ ጉልበቱም ለአራቱም ጎማ ይከፋፈላል።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። ፌራሪው ጉልበቱ ይበልጣል፣ ክብደቱም ያንሳል። በእያንዳንዱ ኪሎ ሲካፈል የፌራሪው 0.43 የፈረስ ጉልበት፣ የፖርሼው 0.31 ይመጣል። በዚህ ስሌት ፌራሪው ገና ሲነሳ ጥሎት መሄድ ነበረበት። ግን ከቆመበት ተነስቶ 100 ለመድረስ ፖርሼው 3.7 ሰከንድ ሲበቃው ፌራሪው 4 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ለምን? ጉልበት መሬት ካልያዘ ጉልበት አይደለም። ፌራሪው በሁለት የኋላ ጎማ ብቻ ስለሚገፋ መጀመሪያ ላይ ይሽከረከራል፣ ያጨሳል፣ ይጮኻል። ፖርሼው በአራት እግሩ መሬቱን ቆንጥጦ ይነሳል። ፍጥነቱ ከፍ ካለ በኋላ የፌራሪው ቅለት ይከፍላል፤ ቀጥ ባለ ረጅም መንገድ ይቀድማል። ስለዚህ ሁለታችሁም ልክ ነበራችሁ፤ የሜዳውን ርዝመት ሳትስማሙ ነው የተጣላችሁት።

ከሁሉም የምወደው ግን ይሄን ነው። በ959 ካምቢዮ ራስ ላይ የመጀመሪያው ማርሽ «1» አይልም። የጀርመንኛው ጌሌንዴ የሚለው ቃል መነሻ ፊደል ነው የተጻፈበት፤ ትርጉሙ አገር አቋራጭ፣ ወጣ ገባ መሬት ማለት ነው። ቁጥር አንድ የሚጀምረው ከእሱ ቀጥሎ ነው። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሮጥ መኪና የጭቃ ማርሽ! ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ይኸው መኪና እ.ኤ.አ በ1986 የፓሪስ–ዳካርን ውድድር በአሸዋና በድንጋይ ላይ አንደኛና ሁለተኛ ወጥቶ ጨርሶታል።

አሁን ሁለቱን አምጥተን ጠባሴ ላይ እናቁማቸውና ወደ ጣርማ በር እንልቀቃቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሰባ ከመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሞተርም እንደ ሳንባ ነው፤ የሚያቃጥለው ነዳጅ በሚያስገባው ኦክስጂን ይወሰናል። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በጨመረ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ከመቶ ገደማ ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ ሩቡን ከነምርቃቱ ጥሎ ነው የሚመጣው። ተርቦ ያለው አየሩን በግድ እየጠቀጠቀ ስለሚያስገባ ኪሳራውን በከፊል ይመልሳል። (ስሙ ራሱ በአማርኛ ያምርበታል፤ አየር ተርቦ የሚጎርስ ነው።) ግን ለዚህ ከወትሮው ፈጥኖ መሽከርከር አለበት፣ ለመንቃትም ጊዜ ይወስዳል። የኤፍ 40 ሁለቱ ተርቦዎች እኩል ስለሚሠሩ በዝቅተኛ ዙር ሁለቱም ያንቀላፋሉ። የ959 ደግሞ በተራ ነው፤ መጀመሪያ የጭሱ ጉልበት በሙሉ ወደ አንዱ ይሄዳል፣ ሞተሩ ሲፈጥን ሁለተኛው ይጨመራል። በእኛ አየር ገንዘቤን የማስይዘው በፖርሼው ላይ ነው።

ሐኪሞች ስለሆንን አንዲት ነገር ላክል። ቆላ ያደገ ሰው እዚህ ሲመጣ እንደ ተርቦ ነው የሚሆነው፤ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ሰንበት ሲል ደሙ ይወፍራል። እ.ኤ.አ በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ የሰሜን ኢትዮጵያ ደገኞችን መርምረው ያገኙት ግን ሌላ ነው። ሂሞግሎቢናቸው አልጨመረም፣ የደማቸው ኦክስጂንም በአማካይ 95 ከመቶ ነበር። ከአንዲስና ከቲቤት ሰዎች የተለየ፣ ሦስተኛ ዓይነት መላመድ። ደገኛው ተርቦ አልገጠመም፤ በዚያው አየር የሚሠራ ሞተር ነው ያለው።

ወደ ማርሽ ልመለስ። ለተማሪዎቼ ሳስተምር እንዲህ እላለሁ፤ የልብ ሥራ ማለት በአንድ ምት የሚረጨው ደም በደቂቃ ምቶች ብዛት ሲባዛ ነው። የሞተር ሥራም ያው ነው፤ የመጠምዘዝ ኃይል በዙር ብዛት ሲባዛ። ማርሽ ጉልበት አይፈጥርም። ያለውን ይመነዝራል፤ ወይ ፍጥነት ይሰጥሃል ወይ ግፊት፣ ሁለቱን አንድ ላይ አይሰጥም። የአንኮበር ሴት እንስራ አዝላ አቀበት ስትወጣ እርምጃዋን ታሳጥራለች፤ ከባድ ማርሽ ማለት እሱ ነው። አያቶቻችንም ለደብረ ብርሃን ሜዳ ፈረስ፣ ለአንኮበር ገደል በቅሎ ያሉት ፈረሱን ንቀው አልነበረም።

እንዲያውም የመኪና ፉክክር በሸዋ ምድር አዲስ አይደለም። አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ንግሥናቸው ማብቂያ ገደማ ሁለት መኪኖች ተከታትለው መጥተውላቸዋል፤ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ እ.ኤ.አ በ1907 ከጅቡቲ ተነስቶ ሲድሊ መኪናውን ይዞ፣ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ደግሞ ናኬ የተባለውን ይዞ። መንገድ በሌለበት አገር የተደረገ እሽቅድምድም ነውና የመኪኖቹ ከፍተኛ ፍጥነት ለማንም ቁም ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ኮሚቴያችን ከአንኮበር በታች ላለ ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰበ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በቴሌግራም ቡድናችን የተነሳውን ክርክር ሳነብ ያችው ሻይ ቤት ትዝ አለችኝ። አንደኛው ወገን ባለ ከፍተኛ ጣሪያ፣ ተርቦ ያለው፣ ፈጣን አዲስ ቫን ይገዛ ይላል፤ «ሰከንድ ሕይወት ነው» ብሎ የጻፈ አለ። ሌላው ወገን የምናውቀው ላንድክሩዘር ይሁን ይላል፤ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ 6 ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው፣ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት። እዚህ አየር ላይ ከዚያ 95 ያህሉ ቢቀረው ነው። የኤፍ 40 አንድ አምስተኛ ማለት ነው። አንዱ ወንድማችን «ጋሪ» ብሎታል።

እስቲ ሰከንዱን እንቁጠረው። 30 ኪሎ ሜትር አስፋልት በ80 ፋንታ በ100 ብንነዳ የምናተርፈው አራት ደቂቃ ተኩል ነው። 10 ኪሎ ሜትር ኮረኮንችና ዳገት በሰዓት 10 የምንሄደውን 15 ብናደርገው የምናተርፈው 20 ደቂቃ ነው። ጊዜው ያለው በዝግታው በኩል ነው! ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ካልቆመ እናትን በአማካይ በ2 ሰዓት ውስጥ እንደሚገድል ሁላችንም ተምረናል። ከሁለቱ ሰዓት ውስጥ 20 ደቂቃ ትልቅ ነገር ነው። ከ0 እስከ 100 በ4 ሰከንድ ይሁን በ20፣ ልዩነቱ 16 ሰከንድ ነው፤ እሱም መቶ የሚያስነዳ መንገድ ከተገኘ።

ላንድክሩዘሩ ከዋናው ካምቢዮ አጠገብ ሁለተኛ አጭር ካምቢዮ አለችው። እሷን ሲስባት እያንዳንዱ ማርሽ ወደ 2.5 እጥፍ ይከብዳል፣ ግፊቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። የ959 የጭቃ ማርሽ ታላቅ ወንድም በሏት። በአንደኛ ማርሽ ነዳጅ ሳይሰጠው በሰው እርምጃ ድንጋይ ለድንጋይ ይወጣል።

ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እሱም የሙያ ነው። በምሠራበት ሆስፒታል አንድ ሌሊት ከቆላ በኩል የመጣች እናት ተቀበልን። ማኅፀኗ አልኮማተር ብሎ ደም ይፈሳታል። አዋላጇ፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ መንገዱን ሙሉ የአምቡላንሱ ወለል ላይ ተንበርክካ በሁለት እጇ ማኅፀኑን ጨምቃ ይዛ ነው የደረሰችው። በር ስንከፍት እጇን ለማላቀቅ አልቻለችም፤ ጣቶቿ ደንዝዘው ነበር። እናቲቱ ተረፈች። በኋላ ልጅቷን ምን አስቸገረሽ ብላት፣ ደሙን አላለችኝም። «ሾፌሩ ጋሼ ቀስ ብሎ ባይነዳ ኖሮ እጄ ያመልጠኝ ነበር» ነው ያለችኝ። ኤፍ 40 ሲነሳ የሰውን አካል ከክብደቱ በሰባት አስረኛ ወደ ኋላ ይገፋል። ለተንበረከከች አዋላጅ ከዚያ ሩቡም ይበዛባታል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን ሳይነካካ፣ እንደ ውሃ ሲያወርደው ብቻ ነው ከኋላ ሕክምና የሚሰጠው።

ቁልቁለቱን ካነሳሁ ልጨርሰው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ትወርዳለች። 3 ቶን የሚመዝን የተጫነ አምቡላንስ በዚያ መንገድ ሲወርድ ቢያንስ 50 ሚሊዮን ጁል ኃይል አንድ ቦታ መጣል አለበት። 150 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ብዙውን ሞተሩ ይውጠዋል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ዜሮ ማርሽ ካደረገው ግን ያ ሁሉ እሳት የሚወርደው በፍሬኑ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባና መኪናው አይቆምም። «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፤ ምንም የተበጠሰ ነገር የለም። አጥንት ሐኪሞቻችን ከዚያ ቁልቁለት የሚመጣላቸውን ያውቁታል።

አካል የሚጎዳው ከመነሳት ይልቅ በመቆም ነው። በ50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም የተሳፋሪው አካል ከክብደቱ 20 እጥፍ ኃይል ያርፍበታል፤ ከ10 ሜትር ከፍታ እንደመውደቅ ነው። ፍጥነቱ 100 ከሆነ እጥፍ አይደለም የሚሆነው፤ አራት እጥፍ ነው፣ 80 ገደማ። መኪናው የግድ ፈጣን መሆን የለበትም። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ ሮምንና ቶኪዮን በእግሩ ካሸነፈ በኋላ ነጭ ቮልስዋገን ተሰጠው። ያ መኪና 100 ለመድረስ ከ20 ሰከንድ በላይ የሚፈጅ ደካማ መኪና ነበር። መጋቢት 1961 ዓ.ም አንድ ሌሊት ተገልብጦበት፣ ውስጡ እንደተያዘ አነጋ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ወራት ታከመ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ወረወረ፤ ጥቅምት 1966 ዓ.ም አረፈ። የነርቭ ሐኪም ሆኜ ባልሆንም የአንገት ጉዳት ያለበት ሰው ባየሁ ቁጥር የማስበው ያንን ሌሊት ነው፤ ማን አገኘው፣ እንዴት አወጡት፣ አንገቱን ማን ያዘለት።

አንድ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። መንግሥት እ.ኤ.አ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ አዲስ አበባ ሞልቷል። እውነቱን ለመናገር ለእኛ ከፍታ የተፈጠረ ነው። አየር አይተነፍስምና ጣርማ በርም ጅቡቲም ለእሱ አንድ ናቸው። ሙሉ ግፊቱ ከዜሮ ዙር ይጀምራል፤ አብዛኞቹ አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያላቸው። ቁልቁለት ሲወርድ ያን 50 ሚሊዮን ጁል በሙሉ ባይሆንም በከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ግን ከአንኮበር በታች መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ አምቡላንሱ ምን ይበላል? መሬት ላይ የሚጎተት ሆዱስ ኮረኮንቹን ይችላል? ከአምስት ዓመት በኋላ ጠይቁኝ።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ጋሪው ይገዛ ነው። ቫኑ ከጋሪው የሚበልጥበትን ዋጋ ደግሞ ለሁለት እንክፈለው። አንዱ እጅ ለጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ይሁን፤ ምጥ ሳይጀምራት ቀድማ መጥታ የምትተኛ ሴት አምቡላንስም አያስፈልጋት። ሌላው ለሾፌሮች ሥልጠና፣ ለጎማና ለፍሬን በየዓመቱ ይመደብ። ጎማ የማንገዛለት መኪና ከሆነ ከነጭራሹ አንግዛው፤ የጤና ጣቢያዎቻችንን ግቢ ዞራችሁ እዩ፣ በድንጋይ ላይ የቆሙትን ቁጠሩ። ከቤት እስከ መንገዱ ያለውንም አንርሳ። እሱ አሁንም በቃሬዛ ነው፣ ጎረቤት ተሸክሞ ነው። ቀበሌዎቹ ጥሩ ቃሬዛና ዝናብ የሚከላከል ሸራ ቢያገኙ ከማንኛውም ተርቦ በላይ ደቂቃ ያተርፋል፤ ዋጋውም የአንድ ጎማ አይሆንም።

ሻጩ ድርጅት መኪናውን ለሙከራ ሊሰጠን ተስማምቷል። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ከዚህ ግቢ ተነስተን በአንኮበር በኩል ወደ ጤና ጣቢያው እንወርዳለን፣ ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን። የኮሚቴው አባላት በሙሉ ከኋላ፣ ከታካሚው ቦታ እንድትቀመጡ ነው የምጠይቀው። ሁለት ሰው ተኝቶ ይሄዳል፤ አንድ ሰው ደግሞ ተንበርክኮ የሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ሳያፈስ ይዞ ይወርዳል። ፈቃደኛ ከጠፋ ከዚያች ሻይ ቤት ሰዎች መካከል እኔው እመርጣለሁ።